ለመጨረሻ ጊዜ ይደገም

እስቲ እናንተው መልሱልኝ፤ ሰው በገዛ ጉሮሮው ለመዝፈን የማንን ፊርማ ማግኘት አለበት?

ዛሬ ጥያቄው የሞኝ ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን፣ በዚያ ባለ አራት ፎቅ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መልሱ ሦስት አንቀጽ ሆኖ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ አረንጓዴ አቃፊ ውስጥ ገብቶ ደረጃውን እየወረደ ነበር። ይዞት የሚወርደው ዋና ጸሐፊው ነው። ሰውዬው ከላይ የመጣ ትእዛዝ ሲይዝ ሁለት ሁለት ደረጃ ይዘላል፤ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ አቤቱታ ሲይዝ ግን በየደረጃው ቆሞ ያርፋል።

የታይፕ ክፍሉን በር በክርኑ ገፍቶ ሲገባ ስድስት የጽሕፈት መኪናዎች በአንድ ጊዜ ዝም አሉ።

«ማይክሮፎን! የያዝሽውን አስቀምጪ። ከክቡርነታቸው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በስቴንስል ይውጣ፤ ነገ ቀትር ላይ ይነበባል። አንድ ፊደል ብትስቺ የሚጮኹት በእኔ ላይ ነው።»

«በእርስዎ ላይ ሲጮኹ እኮ የምንደነቁረው እኛ ነን፣ ጋሼ» አለችና አቃፊውን ተቀበለችው።

ማይክሮፎን የሚለው ስም ያለ ምክንያት አልወጣላትም። በዚያ መሥሪያ ቤት ማንኛውም ሰርኩላር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ በታላቁ ደረጃ ሥር ተሰብስቦ በጆሮው መስማት ነበረበት። የምታነበው እሷ ነበረች። ድምጿ ያለ መሣሪያ ከምድር ቤት ተነሥቶ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል። ከውጭ አገር እንግዳ ሲመጣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር በእሷ አፍ ነው፤ ባልደረባ ሲሞት የሕይወት ታሪኩ በእሷ አፍ ነው፤ አዲስ ሹም ሲሾም የሹመቱ ደብዳቤ በእሷ አፍ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያ ድምፅ ለመሥሪያ ቤቱ በነጻ አገልግሏል። በሰባቱም ዓመት አንድ ሰው እንኳ «ይህ ድምፅ ጨዋ ነው ወይስ ባለጌ?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ረቂቁን በመኪናው ጎን አቆመችው። የዋና ዳይሬክተሩ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ጫጩት ቀለም ረግጣ የተራመደችበት የሚመስል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይህን ጽሑፍ ሳይደናቀፍ የሚያነብ እሷ ብቻ ነበረች። ዋና ጸሐፊው እንኳ ጭንቅ ሲይዘው በስርቆሽ ወረቀቱን ይዞ እየወረደ «ይቺ 'ይሰጠው' ናት 'ይሰደድ'?» ይላታል። የ«ሰ»ቸው እግር እንዴት እንደሚወላገድ፣ ሲቆጡ ብዕራቸው ወረቀቱን እንደሚበሳ፣ ጽሑፉን ሲጨርሱ ሁልጊዜ፣ ያለ ማወላወል፣ ከግርጌ «ይፈጸም» ብለው ከሥሩ እንደ ዓሣ መንጠቆ የተቆለመመች አጭር ፊርማ፣ ፓራፍ፣ እንደሚያኖሩ፣ ይህን ሁሉ እንደ መዳፏ ታውቃለች።

ሰም የተቀባውን የማባዣ ወረቀት፣ ስቴንስሉን፣ ጠምዝዛ አስገባችና ጀመረች።

ፈጣን ጸሐፊ የምትጽፈውን አታነብም፤ ዓይኗ ያነሣል፣ ጣቷ ያስቀምጣል፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ልቧ በዚያች ሰዓት በምትዘፍንበት የምሽት ቤት፣ በሰማያዊው አዳራሽ ነበር፤ ማታ በአንድ ሰዓት በምትከፍተው ዘፈን ሁለተኛው ስንኝ ላይ። ስለዚህ የመጀመሪያውን አንቀጽ ጻፈች፤ ሁለተኛውንም ጻፈች። በሦስተኛው መካከል ጣቶቿ ብቻቸውን ቆሙ። ወደ ኋላ ተመልሳ፣ በሰባት ዓመት አድርጋው የማታውቀውን፣ የጻፈችውን አነበበች።

«ማንኛዋም የመሥሪያ ቤቱ ሴት ሠራተኛ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭም ቢሆን፣ በምሽት መዝናኛ ቤት መድረክ ላይ ወጥታ መዝፈን የመሥሪያ ቤቱን ክብር የሚያጎድፍና ከጨዋ ሴት የማይጠበቅ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፈጽሞ ተከልክሏል። በዚህ ተግባር የታወቀች ሠራተኛ እስከ ቅዳሜ ቀትር በስድስት ሰዓት ድረስ ዳግመኛ ላለመዝፈን በፊርማዋ ግዴታ ካልገባች፣ ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ከሥራዋ ተሰናብታለች።»

ሴት ሠራተኛ። በዚያ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ሴቶች ነበሩ። ከሠላሳ አንዱ መድረክ ላይ የምትወጣ አንዲት ናት። ስሟን መጻፍ አሳፍሯቸው ሠላሳዋን መጋረጃ አደረጓቸው።

«ተሰናብታለች» የሚለው ላይ አንድ ፊደል ሳተች። የጥፍር ቀለም የሚሸተውን ማረሚያ ከመሳቢያዋ አወጣችና ስህተቷን በጥንቃቄ ቀብታ፣ እፍ ብላ አድርቃ፣ የገዛ ስንብቷን ያለ እንከን አስተካክላ ጻፈችው። ምን ታድርግ? ስቴንስል ስህተት አይወድም።

ጽፋ ስትጨርስ ወደ ምድር ቤት ወረደች። መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ከአቃፊዎቹ ክምር ጀርባ፣ ጡሩንባው የሚሉት መዝጋቢ ተቀምጧል። ቀን ቀን ገቢና ወጪ ደብዳቤ ይመዘግባል፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ በሰማያዊው አዳራሽ ከእሷ ግራ ቆሞ ጡሩንባ ይነፋል። ጉንጮቹ ሥራቸውን ይመሰክራሉ።

«አየኸው?»

«መዝግቤዋለሁ።» ቀና አላለም። «ለቁጥር በጠዋት ነው የወረደው።»

«በጠዋት! እና እስካሁን አፍህን ምን ዘጋው? ሌላ ጊዜ ስትነፋ ሰፈር ይሰማሃል።»

«ምን ልበልሽ እህቴ? ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ።»

«አንተስ የቢሮውን ክብር አታጎድፍም ወይ? አንተም እኮ እዚያው መድረክ ላይ ነህ። ከእኔ በላይ ነው የምታላብ።»

ጡሩንባው ሊቀልድ ሞከረ፤ ቀልዱ ግን ከከንፈሩ አልወጣም። «እኔማ… ሴት አይደለሁም።»

«አዎ» አለችው። «ለዚህ ነው ክብር ያለህ።»

ጥላው ስትሄድ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሥራውን ትታ ለምን ዘፋኝ አትሆንም?» የሚል ብልህ አይጠፋም። ያን ዘመንም ሞልቶ ነበር፤ ወንበር ላይ ተደግፎ ለሌላው ሰው ሕይወት የሚመርጥ። ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማያዊው አዳራሽ ሌሎች ሁለት ዘፋኝ ሴቶች ነበሩ። ዘፈናቸውን ሲጨርሱ ከመድረክ ወርደው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ከደንበኛ ጋር ይቀመጣሉ፤ ይህ የቤቱ ሕግ ነበር። የጠራቸውን እምቢ ያሉ እንደሆነ በማግስቱ መድረኩ የለም። እሷ ግን ዘፍና፣ እጅ ነሥታ፣ ካፖርቷን ለብሳ፣ ከፈለገች ስትጨፍር አምሽታ፣ ካልፈለገች ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። የአዳራሹ ባለቤት አንድ ቀን ጠረጴዛ ሲጠቁማት «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ፊርማ አለብኝ» አለችው፤ ከዚያ ወዲህ ጠቁሟት አያውቅም። ያቺ የሁለት ሰዓት ፊርማ ነበረች አጥሯ። ለመሥሪያ ቤቱ ክብር ያስባሉ የተባሉት ሰዎች ሊነቅሉ የተነሡት ይህን አጥር ነው። በነገው ቀትር ፈርማ ከገባች ድምጿን ቀበረች፤ ሳትፈርም ከወጣች ደግሞ ዘፈኗ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሊዞር ነው። ጨዋነት ብለው የሰየሙት ይህንን ነበር!

ማታ በአንድ ሰዓት ሰማያዊው አዳራሽ እንደ ልማዱ ሞልቶ ጠበቃት። ከተማይቱ ዓርብ ማታ ሌላ ሰው ትሆን ነበር። ሱቆቹ ሲዘጉ የቀለም መብራቶቹ ይከፈታሉ፤ ቀን በወረፋ ተገፋፍቶ የዋለ ሕዝብ ማታ በሙዚቃ ተገፋፍቶ ያመሻል፤ ነርሷ ቆባዋን፣ መምህሩ ጠመኔውን፣ ታክሲ ነጂው ቁጣውን በር ላይ ጥሎ ይገባል። እሷም የካርቦኑን ጥቁረት ከጣቶቿ በሎሚ አሽታ፣ አክስቷ የሰፋችላትን ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሳ፣ በጓሮ በር ገባች።

«ቢሮ መጣች!» አለ ከበሮ መቺው።

ማይክሮፎን የሚሏት እዚያ ነው፤ እዚህ ቢሮ ነች። በሁለቱም ቤት በሌላኛው ቤት ስም ትጠራለች። ይህ ሁልጊዜ ያስቃት ነበር፤ በዚያ ምሽት ግን አላሳቃትም።

ማስትሮው፣ የቡድኑ መሪ፣ ከፒያኖው ቀና ብሎ አያት። ስድሳ ዓመቱ ነው፤ የሰው ፊት እንደ ኖታ ያነባል። «ልጄ፣ ዛሬ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለሻል። ምን ነክቶሽ ነው?»

«ምንም፣ አባቴ። በፈለጉት ቅኝት ይጀምሩ፤ እደርስበታለሁ።»

ደረሰችበት። መብራቱ ሲያርፍባት ሌላ ነገር ሁሉ ጠፋ። የዝናቡን ዘፈን ስትጀምር ጭፈራው ቆመ፤ ይህ ዘፈን አያስጨፍርም፤ ያስቆማል።

ዝናቡም አባራ፣ ሰው ጥላውን አጠፈ፤
የኔ ዓይን ብቻ ነው ዛሬም ያልነጠፈ።

ጡሩንባው ከግራዋ ተቀበላት። ሲነፋ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያን ማታ ግን ዓይኑን ገልጦ እሷን እያየ ነፋ፤ ይቅርታ በናስ ሲወጣ እንደዚያ ነው። አዳራሹ ፈነዳ። አንዲት ወፍራም ነርስ ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ወጥታ አጨበጨበች። እሷም ሳቀች፤ ሳትወድ፣ ከሆዷ። ለዚህ ነበር የኖረችው፤ አርባ ሰዓት ቁልፍ ስትመታ ሰንብታ ለዚህች አምስት ደቂቃ።

ከዘፈኑ በኋላ አስተናጋጁ የብር ትሪ ይዞ መጣ። የቤቱ ልማድ ነው፤ ደንበኛ የሚፈልገውን ዘፈን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በትሪ ይልካል። ከበሮ መቺው ከወረቀቶቹ መሃል አንዱን ብድግ አድርጎ በሳቅ ተንፈቀፈቀ።

«አቶ ይፈጸም መጥተዋል!»

አቶ ይፈጸም ከስምንት ወር በፊት ነበር መምጣት የጀመሩት። ከላይኛው ሰገነት፣ ከወፍራሙ መጋረጃ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ ፊታቸውን የቡድኑ ሰው አይቶት አያውቅም። ወረቀታቸው ግን ከሺህ ወረቀት ይለያል። ሌላው ሰው «የዝናቡን ድገሚልን» ብሎ ይጽፋል። እሳቸው ከላይ ቀን ይጽፋሉ፤ ቁጥር ይሰጣሉ፤ «ጉዳዩ፦ ስለ ዝናቡ ዘፈን» ይላሉ፤ ከግርጌም «ይፈጸም»። ከሥሩ መንጠቆ የመሰለች ፓራፍ። ሠላሳ ዓመት በቢሮ የኖረ እጅ፣ ልቡ ሲዝናና እንኳ ሥራ ላይ ነው።

ቡድኑ ሲስቅ እሷ የመጀመሪያውን ወረቀት ያየች ዕለት ደርቃ ቀርታ ነበር። የ«ሰ»ዋን እግር አየች። በየቀኑ ጠዋት የምታነበው እጅ ነው። ለማንም አልተናገረችም፤ ለጡሩንባውም ቢሆን። ጡሩንባው መዝጋቢ ነውና ፓራፏን ያውቃት ይሆናል፤ ግን እሱ ሲነፋ ትሪ አያይም። እሷም «ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮሌታው አንቆት ይውላል፤ ማታ ቢተነፍስ ምናለበት?» ብላ በሆዷ ያዘችው። ስምንት ወር ሙሉ ቀን «ክቡርነትዎ» እያለች፣ ማታ እየዘፈነችላቸው፣ ምስጢራቸውን እንደ ገዛ ወንድሟ ገመና ሸፈነችላቸው። ጨዋነት ከተፈለገ ጨዋነት ይህ ነበር።

ከበሮ መቺው ወረቀቱን ሰጣት። የዕለቱ ቀን ተጽፎበታል። ቁጥሩ ሃያ ሦስት ነው። ጉዳዩ የዝናቡ ዘፈን። ከዚያ በታች በሚወላገደው እጅ፦

«ከላይ የተጠቀሰው ዘፈን ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ይደገም። ይፈጸም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለመጨረሻ ጊዜ።

ይህ ሰው ጠዋት ያንን ሰርኩላር ጽፎ፣ ከሰዓት ፈርሞ፣ ማታ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ዝቅ አድርጎ መጥቶ፣ ነገ የሚዘጋውን ጉሮሮ ዛሬ አንዴ ሊጠጣው ተቀምጧል። አንድ ሰው የሰውን ዛፍ ሊቆርጥ ሲሄድ መጀመሪያ ከሥሩ ተኝቶ ጥላውን ያጣጥማል? ያጣጥማል። አየነው እኮ። ከመጋረጃ ጀርባ።

«ምን ይላል?» አለ ማስትሮው።

«ይደገም ይላል።»

«እና?»

«አልደግመውም» አለች። ወረቀቱን አጥፋ በቀሚሷ ጉያ ከተተችው። «ዛሬ ሌላ ይጫወቱ፣ አባቴ። አስጨፍሯቸው።»

ቡድኑ ጮቤ የሚያስረግጥ ዜማ ለቀቀ፤ ጭፈራው ቀለጠ። እሷም ከመድረክ ወርዳ ከነርሷ ጋር ላብ እስኪያጠምቃት ጨፈረች። ወደ ሰገነቱ ቀና አላለችም። መጋረጃው ግን ተነቃነቀ፤ ጥቂት ቆይቶም በጓሮ ደረጃ የከባድ ጫማ ድምፅ ተሰማ።

ጠዋት አክስቷን ከስፌት መኪናዋ ፊት ቁጭ ብላ አገኘቻት። ያሳደገቻት ይቺ አክስት ናት፤ በከተማይቱ ለግማሹ ሹም ሱሪ ታጠብባለች፣ ኮት ታሰፋለች። ነገሩን ሁሉ ሰማች፤ መርፌውን ከአፏ ሳታወጣ።

«ፈርሚ» አለች መጨረሻ ላይ። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ፈርመሽ ሥራሽን ያዢ። ሹም ያልፋል፤ ያኔ ትዘፍኛለሽ።»

«እትዬ፣ ሰባት ዓመት ዝም ብዬ አየሁት እኮ። ነቀዘ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ? ሹም ልትከሺ? በምን?»

ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጨርቅ ቁርጥራጮቹ መካከል አኖረችው። አክስቷ ማንበብ ላይ እምብዛም ነች፤ መነጽሯን ግን አጥልቃ የወረቀቱን ጥራት በጣቶቿ ዳበሰች፤ ልክ ጨርቅ እንደምትፈትን።

«ይቺ መንጠቆ ምንድን ናት?»

«ፓራፋቸው ናት።»

«ይቺማ…» መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «ይቺ እዚህም መጥታ አታውቅም ብለሽ ነው? ኮት ሲሰጡኝ ወረቀት ላይ 'በወገቡ ይጥበብ' ብለው ጽፈው መጨረሻ ላይ ይቺኑ ይጭራሉ። እኔ ደግሞ የሰውዬው ስም መስሎኝ!» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ አሮጊቷ እስካሁን የመከረችው ስለ ሥራ ነበር፤ አሁን ግን ስለ ድፍረቱ ተቆጣች። «የሚወደውን ነው እንዴ የሚከለክል? እኔ ያጠበብኩለትን ኮት ለብሶ?»

«እንግዲህ።»

«ቀሚስሽን አምጪ፤ ትከሻው ላይ ተተርትሯል። ሰው ፊት የምትቆሚ ከሆነ ተተርትሮብሽ አትቆሚም።»

ሁለት ሰዓት ላይ ፈረመች፤ የመገኛ ፊርማዋን። ከዚያ ወደ ታይፕ ክፍል ሳይሆን ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ ወረቀቱን ከጡሩንባው ፊት አኖረችው።

«መዝግብልኝ።»

አየው። ማንም ሰው ሳያስረዳው ገባው። «ይሄ… ይሄ ከትሪ የመጣ ነው።»

«የመዝገብ ቤቱ ደንብ ምን ይላል? አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

«የዋና ዳይሬክተሩ ፓራፍ ያለበት ማንኛውም ወረቀት…» ወረቀቱን ገለበጠው። «ከየትም ይምጣ፣ በዕለቱ ይመዘገባል።»

«እንግዲያው።»

«ሥራዬን ታውቂያለሽ? ሁለት ልጆች አሉኝ።»

«አውቃለሁ። አላስገድድህም። ሴት አይደለሁም ብለኸኛል፤ ወንድ ነኝም ማለት የለብህም።»

ይህ ክፉ ነገር ነበር፤ ከአፏ ሲወጣ እሷም አወቀችው። እሱ ግን አልተቆጣም። መዝገቡን ገልጦ፣ ብዕሩን ነክሮ፣ በዚያ ውብ እጁ፣ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ጉዳዩን አስገባ፤ ማኅተሙንም አንሥቶ ዷ አደረገው። ድምፁ በምድር ቤቱ ውስጥ እንደ ከበሮ ተሰማ።

«ወረቀት አንዴ ከተመዘገበ አይጠፋም» አለ፣ መልሶ እየሰጣት፤ ለእሷም ይሁን ለራሱ። «ልጆቼ ይሳቁብኝ እንጂ አያፍሩብኝም።»

በስድስት ሰዓት ሦስት መቶ የሚሆን ሠራተኛ በታላቁ ደረጃ ሥር ተሰብስቧል። ሹማምንቱ ከላይ ከመጀመሪያው መወጣጫ ላይ፣ ዋና ዳይሬክተሩ መሃል ላይ ቆመዋል፤ ኮታቸው በወገቡ ልክክ ብሎ። ሰርኩላርን በጆሮ የማሰማት ሥርዓት የእሳቸው ነው፤ በመጡ በመጀመሪያው ወር ነው ያወጡት። «ትእዛዙ አልገባኝም የሚል ሰበብ አልፈልግም» ብለው፣ አንባቢዋ ካነበበች በኋላ ሦስት ጊዜ «ያልገባው አለ?» ብላ እንድትጠይቅ፣ ያልገባው ካለ የፈረመው ሹም እዚያው ቆሞ እንዲመልስ፣ መልሱም በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዋል። በሰባት ዓመት ውስጥ ግን አልገባኝም ያለ ሰው አልተገኘም። ማን ደፍሮ?

ዋና ጸሐፊው ሰርኩላሩን አቀበላትና ጎንበስ ብሎ ሹክ አለ፤ «የግዴታ ፎርምሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ንባቡን ጨርሰሽ ፈርሚና ወደ ሥራሽ። አታካብጂው።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለች። «ንባቤን ልጨርስ።»

አነበበች። ከቃላቱ አንዱን አልዋጠችም፤ አንዱንም አላለዘበችም። «ማንኛዋም ሴት ሠራተኛ» ስትል ከሠላሳዎቹ ሴቶች ግማሾቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ግማሾቹ ወደ እሷ ተመለከቱ። «ከጨዋ ሴት የማይጠበቅ» ስትል ድምጿ ወጥቶ፣ ደረጃውን ተከትሎ፣ አራተኛ ፎቅ ደርሶ ተመለሰ። ሦስተኛውን አንቀጽ ጨረሰች። ፊርማውንና የፈራሚውን ማዕረግ አነበበች። ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

«ያልገባው አለ?»

ሠራተኛው ወደ በሩ ማየት ጀመረ።

«ያልገባው አለ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ዋና ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«ያልገባው አለ?» አለች ለሦስተኛ ጊዜ፤ ትንፋሿን ሰበሰበች። «አለ። እኔ ነኝ። እኔ አልገባኝም።»

ሦስት መቶ አንገት በአንድ ጊዜ ቀና አለ። ዋና ጸሐፊው እጇን ሊይዝ አንድ ደረጃ ወረደ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ሁለት ሲዘል የኖረ እግር ያን ቀን በአንዱ ተደናቀፈ።

«ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ ትእዛዝዎን እታዘዛለሁ፤ ሰባት ዓመት ታዝዣለሁ። ችግሬ ግን ሁለት ትእዛዝ ስለ ደረሰኝ ነው።» ሰርኩላሩን በግራ እጇ ያዘችና በቀኟ ከጉያዋ ቁራጯን ወረቀት አወጣች። «አንደኛው ይሄ ነው፤ ትላንት ጠዋት የተጻፈ፤ አትዝፈኚ ይላል። ሁለተኛው ትላንት ማታ በሰማያዊው አዳራሽ በብር ትሪ የደረሰኝ ነው። ቀን አለው፤ ቁጥር ሃያ ሦስት ነው፤ ዛሬ ጠዋት በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ማኅተም አርፎበታል።»

«የምን ወረቀት ነው?» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ።

ከታች፣ ከመዝገብ ቤቱ በር አጠገብ፣ ሌላ ድምፅ መለሰ። ጡሩንባው ነበር፤ ጉንጮቹን ሊነፋ እንደተዘጋጀ ነፍቶ። «ትክክል ነው፣ ክቡርነትዎ። እኔ ነኝ የመዘገብኩት። ፓራፉን አመሳክሬያለሁ።»

እሷ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ እንዲያይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞረችው፤ ከዚያ አነበበች፦ «ጉዳዩ፦ ስለ ዝናቡ ዘፈን። ከላይ የተጠቀሰው ዘፈን ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ይደገም። ይፈጸም።»

መጀመሪያ ከታይፕ ክፍሉ አንዲት ልጅ ሳቀች፤ አፏን ይዛ። ከዚያ ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዶ ደረጃ ላይ ወዳሉት ሹማምንት ደረሰና እዚያ ሞተ። ዋና ዳይሬክተሩ ፊታቸው መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ ቀላ። እጃቸው ወደ ኮታቸው ኪስ ሄደ፤ ብዕራቸው ወዳለበት፤ ምን ሊጽፉ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

«የግዴታ ፎርሙ ጠረጴዛ ላይ ነው» አለች። «ከመፈረሜ በፊት ወይም ከመሰናበቴ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለብኝ። ይቺን ወረቀት የጻፈ ሰው የኔን ዘፈን ስምንት ወር ሙሉ ሲያደምጥ የመሥሪያ ቤቱ ክብር አልጎደፈም፤ እኔ ስዘፍን ጎደፈ። ሰሚው ጨዋ ነው፤ ዘፋኟ ባለጌ ናት። ከጎኔ ጡሩንባ የነፋው ወንድ በሰርኩላሩ ውስጥ የለም፤ እኔ አለሁ። ሁለቱም ወረቀት ከአንድ ብዕር ነው፤ በሁለቱም ሥር 'ይፈጸም' ይላል። እኔ ተራ ጸሐፊ ነኝ፤ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መፈጸም አልችልም።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን ቀለም ነክሮ ይጠብቅ ነበር። ሠላሳዎቹ ሴቶች አንድ በአንድ አንገታቸውን አቀኑ። እሷ ሁለቱን ወረቀቶች፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ፣ ወደ ላይ ዘርግታ ያዘች፤ ያ አራተኛ ፎቅ የሚደርሰው ድምፅም ወጣ፦

«ሥርዓቱን ያወጡት እርስዎ ነዎት፣ ክቡርነትዎ። ያልገባው ይጠይቅ፣ የፈረመው ይመልስ ብለዋል። ጠይቄያለሁ። በቢሮዎ አይደለም፣ በመጋረጃ ጀርባም አይደለም፤ እዚህ፣ በሦስት መቶ ሰው ፊት፣ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ይመልሱልኝ፤ ከሁለቱ የትኛው ይፈጸም?»